ከማሽኑ በፊት ስለ ምላጩ እናውራ

ይህ ጽሑፍ ሀዋሳ ላይ፣ በትርፍ ጊዜያቸው እንጨት ለሚሠሩና ለመጀመር ለሚያስቡ ሰዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ወረቀት ሳወርደው የደጋገምኩትን አውጥቼ፣ በመሀል የተነሡትን ጥያቄዎች በየቦታቸው አስገብቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ እባካችሁ አግዳሚውን ሳቡና ተቀመጡ፤ ወሬዬ ረዘም ይላል።

አንድ ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስና እንገላገል። ይህን ስክሮል ሶው የሚባለውን የእንጨት መቁረጫ ማሽን ያየ ሰው ሁሉ ሶኬቱ ገና ሳይሰካ "ያዋጣል ወይ?" ይላል። ቀጥሎ "አንዱን ስንት ትሸጠዋለህ?" ይመጣል። ሸጠው የሚተዳደሩበት ሰዎች አሉ፤ አልክድም። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ከሥራ መልስ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት ማንም ሳያዘን ስለምንሠራው ነገር ነው። ማታ ኳስ የሚያየውን ሰው "ያዋጣሃል ወይ?" ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ እንጨት የሚቆርጠውንም እንዲሁ ተዉት። ለገበያ የሚሠራ ሰው መፍጠን አለበት፤ እኔ የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር ደግሞ ሥራ የሚያዘገይ ነው።

ማሽኑን ለማታውቁት በአጭሩ ልናገር። ስክሮል ሶው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መጋዝ ነው። ከላይና ከታች ክንድ አለው፤ በሁለቱ ክንዶች መካከል 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጭን ምላጭ ተወጥሮ ይታሰራል፤ ሞተሩም ወደ ላይና ወደ ታች ያመላልሰዋል። ጉዞው አጭር ነው፤ በብዙዎቹ ማሽኖች 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ፍጥነታቸው የሚስተካከለው በደቂቃ ከ400 እስከ 1,700 ጊዜ ገደማ ይመላለሳሉ። ማሽኑ ባለበት ቆሞ እናንተ እንጨቱን በእጃችሁ እያዞራችሁ ወደ ምላጩ ታቀርባላችሁ። በእጅ በሚያዘው መጋዝ፣ በጂግሶው ላይ ግን የሚንቀሳቀሰው ማሽኑ ነው፤ ምላጩም የሚያዘው በአንድ ጫፉ ብቻ ስለሆነ ወፍራም መሆን ግድ ይለዋል። እዚህ ሁለቱም ጫፍ ስለተያዘ ምላጩ እጅግ ሊቀጥን ይችላል፤ ሲቀጥን ጠባብ ኩርባ ይዞራል። የመስቀል ጥልፍልፍ፣ የብራና መጽሐፍ ሐረግ፣ የስም ፊደል፣ የልጆች ፐዝል የሚወጣው በዚህ ነው።

ሰው ይህን ሥራ ሊጀምር ሲያስብ የሚያሳስበው ማሽኑ ነው። የትኛው ብራንድ ይሻላል፣ ስንት ዋት ነው እያለ ወራት ይጠያይቃል። ገዝቶ ሲያመጣ ግን ከማሽኑ ጋር በካርቶኑ የመጣውን ምላጭ አስሮ ይጀምራል። እንጨቱ ይጠቁራል፣ መስመሩ ይጣመማል፣ ምላጩ ይበጠሳል። ከዚያ "ርካሽ ማሽን እኮ ነው" ይልና አልጋ ሥር ይከተዋል። እንጨቱን የሚነካው ምላጩ ብቻ ነው። መካከለኛ ማሽን በጥሩ ምላጭ ደህና ሥራ ያወጣል፤ በደነዘ ምላጭ ግን ውዱም ማሽን ዋጋ የለውም። ስለዚህ ማሽኑን ለኋላ እናቆየው።

ምላጭ ሁለት ዓይነት ጫፍ አለው። አንደኛው በሁለቱም ጫፍ አግድም የተሰካ ትንሽ ፒን ያለው ነው፤ ሌላው ጫፉ ልሙጥ ሆኖ በቡሎን ተጨምቆ የሚያዝ ነው። ባለ ፒኑ ለማሰር ይቀላል። ችግሩ የውስጥ ቆረጣ ላይ ነው። የመስቀሉን ውስጥ ለማውጣት መጀመሪያ በድሪል ትበሳላችሁ፤ ምላጩን በቀዳዳው ታሳልፋላችሁ፤ ከዚያ ታስራላችሁ። ፒኑ እንዲያልፍ ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊሆን ነው። ደቃቅ ሐረግ ላይ ይህን የሚችል ቦታ ከየት ይመጣል? ልሙጡ ግን 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ቀዳዳ ይበቃዋል፤ ለቀጫጭኖቹ ከዚያም ያንሳል። እንግዲህ ሱቅ ገብታችሁ የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይኼ ይሁን፦ ፒን የሌለው ምላጭ ይቀበላል ወይ? የማይቀበል ከሆነና መያዣውም የማይቀየር ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

መጠኑ በቁጥር ነው። ከዜሮም ከሚቀጥነው ከ2/0 ተነሥቶ 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 እያለ እስከ 12 ይወጣል። ቁጥሩ ሲጨምር ምላጩ ይሰፋል፣ ይወፍራል፣ ጥርሱም ይሳሳል። 5 ቁጥር ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ደግሞ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። አንድ ዓይነት ብቻ ግዛ ብባል እሱን ነው የምገዛው፤ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዋንዛም ሆነ ግራቪሊያ አያስቸግረውም። ለ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ 1 ወይም 2 ቁጥር ይሻላል፤ 5 ቁጥር ቀጭን ኮምፔርሳቶ ላይ ቶሎ ስለሚበላ እጃችሁ መስመሩን ሳይከተል ምላጩ አልፎ ይሄዳል። ቀጭን ምላጭ በወፍራም እንጨት ላይ የገፋችሁ እንደሆነ ደግሞ መሀሉ ይለመጥና ከላይ ቀጥ ያለው መስመር ከታች ሌላ ቦታ ወጥቶ ታገኙታላችሁ።

የጥርሱ አቀማመጥም ይለያያል። በብዛት የምታገኙት አንድ ጥርስ፣ አንድ ባዶ ቦታ እያለ የሚሄደውን ነው። ባዶ ቦታው ሰጋቱራውን ይዞ ይወጣል፤ ምላጩም ቶሎ አይግልም። ሌላው ከታች በኩል ያሉት ጥቂት ጥርሶች ወደ ላይ የዞሩለት ነው። ጥቅሙ ኮምፔርሳቶ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ወደ ታች የሚቆርጡት ጥርሶች የበታቹን ልባጭ ሲያንጨፈርሩት፣ ወደ ላይ የዞሩት ሲመለሱ ያጸዱታል። እሱን ስታስሩ ክንዱ ከፍ ባለበት ሰዓት ሁለት ወይም ሦስት የተገለበጡ ጥርሶች ከጠረጴዛው በላይ መታየት አለባቸው፤ ካልታዩ ሥራ ላይ አልዋሉም ማለት ነው። ዙሪያውን ጥርስ የሆነ የተጠማዘዘ ምላጭም አለ። እንጨቱን ሳታዞሩ በየትኛውም አቅጣጫ ይቆርጣል፤ የሰው ፊት ከእንጨት የሚያወጡ ሰዎች ይወዱታል። እኔ አልወደውም። የሚተወው መንገድ ሰፊና ሻካራ ነው፤ ጠርዙን ስታለሰልሱ መዋላችሁ ነው።

ጥርሱ ሁልጊዜ ወደ ታችና ወደ እናንተ ይመለከታል። ይህ ሲሉት የሚያስቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን 2 ቁጥር ምላጭ ላይ ጥርሱን በዓይን መለየት ከባድ ነው። ቁራጭ ጨርቅ በፊቱ በኩል ከታች ወደ ላይ አስኬዱበት። ከያዘ ትክክል ነው፤ ከተንሸራተተ ገልብጣችሁ እሰሩት። ምላጭ ተገልብጦ ሲታሰር እንጨቱን ከጠረጴዛው እያነሣ ያስጨፍረዋል፤ ጀማሪው ደግሞ ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ወደ ውጥረቱ ልምጣ። የላላ ምላጭ መስመር አይጠብቅም፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ይበጠሳል። ልኩን እንዴት ታውቃላችሁ? ክራር ሲቃኝ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። ምላጩን ከጎኑ በጣታችሁ ነካ አድርጉት፤ የደፈነና የወፈረ ድምፅ ከሰጠ ላልቷል። ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ አክሩት። ጆሮዬን አላምነውም የሚል ሰው መሀሉን በጣቱ ወደ ጎን ይግፋው፤ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሄደ ገና ነው። አዲስ ምላጭ መቁረጥ ሲጀምር ትንሽ ስለሚላላ ቆም ብላችሁ እንደገና ንኩት።

አንድ ወንድም "እኔ ቀጥ አድርጌ እየገፋሁ ወደ ቀኝ ይስትብኛል፣ እጄ ነው ወይስ ማሽኑ?" ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም አይደሉም። ከብረት ወረቀት ላይ በመጫን የሚሠሩ ምላጮች አንድ ጎናቸው ላይ ዓይን የማያየው ሹል ጠርዝ ይቀራል፤ በዚያ በኩል የበለጠ ስለሚበላ መስመሩ ወደዚያ ይጎተታል። መፍትሔው እንጨቱን ቀጥ አድርጎ ከመግፋት ይልቅ ጥቂት ዲግሪ አዙሮ ማቅረብ ነው። ሁለት ሦስት ቁራጭ ካበላሻችሁ በኋላ እጅ ራሱ ይለምደዋል። ዋጋቸው ከፍ የሚለው፣ ጥርሳቸው በድንጋይ ተስሎ የወጣ ምላጮች ላይ ይህ ችግር ያንሳል።

መቼ ይጣላል? ሲበጠስ የምትሉ ብዙ ናችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አየሁት። ምላጭ የሚያረጀው ከመበጠሱ በፊት ነው። ቀድሞ በራሱ የሚሄደው እንጨት እንዲገፋ ሲፈልግ፣ ጠርዙ ሲጠቁር፣ መስመሩ ሲዋልል አውልቃችሁ ጣሉት። በደነዘ ምላጭ የሚገፋ ሰው እጁ ይንሸራተታል፤ ጉዳት የሚመጣም በዚህ ጊዜ ነው። ምላጭ በደርዘን የሚሸጥ ነገር ነው፤ መሰሰቱ አይጠቅምም።

አንዲት እህት ያነሣችው ደግሞ የማቃጠልን ነገር ነው። እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት ላይ አዲስም ምላጭ ቢሆን ያጠቁራል። ከወረቀቱ ንድፍ ላይ የካርቶን ማሸጊያውን ብርሃን አስተላላፊ ፕላስተር ለጥፉበት። ምላጩ በሱ ውስጥ አልፎ ሲቆርጥ ፍትጊያው ይቀንሳል፤ መጥቆሩም በእጅጉ ይቀራል። ትልቅ ብልሃት የማይመስል፣ ግን ዕለቱን ልዩነቱን የምታዩበት ነገር ነው።

ምላጭ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ማሽን ከምታስልኩ ምላጭ አስልኩ። ጥቂት ደርዘን ምላጭ ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ ሻንጣም አያከብድም። ማሽኑን በተመለከተ ግን ከአሜሪካ የሚመጣው በ120 ቮልት ይሠራል፤ የኛ መስመር 220 ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር የሰካችሁት ቀን ጭሱን ታያላችሁ። ትራንስፎርመር ቢኖርም የነሱ መብራት 60 ኸርዝ፣ የኛ 50 ነው፤ ተራ ኢንዳክሽን ሞተር ያለው ከሆነ ከፍጥነቱ ስድስተኛውን ያጣል። ይህ እንኳ የሚያስመርር አይደለም፤ ቮልቱ ነው ዋናው።

ስለ ማሽኑ የቀረውን እነሆ። የክንዱ ጥልቀት፣ ማለትም ከምላጩ እስከ ማሽኑ ጀርባ ያለው ክፍት ቦታ፣ በትንንሾቹ 40፣ በተለቁት 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለቤት ሥራ 40ው ይበቃል። ክብደት ያለው ይሻላል፤ ቀላሉን ከከባድ ጠረጴዛ ጋር በቡሎን እሰሩትና ከሥሩ የጎማ ቁራጭ አድርጉ፤ መንቀጥቀጡ ይበርዳል። የምላጩ መያዣ ያለ ቁልፍ በእጅ የሚፈታ ይሁን፤ ምክንያቱም ብዙ ቀዳዳ ያለው ሥራ ላይ በየቀዳዳው መፍታትና ማሰር አለ። ጠረጴዛው ከምላጩ ጋር 90 ዲግሪ መሆኑን ለማየት ወፈር ያለ ግንድላ ወስዳችሁ በትንሹ ብቻ ቧጨር አድርጉት፤ ከዚያ ግንድላውን በምላጩ ጀርባ በኩል አዙራችሁ ቧጨራውን ከምላጩ ጋር ግጠሙት። ከላይ እስከ ታች ከገባ ቀጥ ነው፤ ካልገባ ጠረጴዛው ያዘመመ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ይኼ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቄ ነበር። ወርቅ ቤት ገብታችሁ አንጥረኛው በእጁ የሚይዛትን ትንሽ ፍሬም አስተውሉ። እዚያ ላይ የምትታሰረው ምላጭ ርዝመቷ ከኛው ጋር አንድ ነው። 13 ሴንቲ ሜትሩ ልሙጥ ምላጭ እዚያ ፍሬም ላይ ይታሰራል፤ ጥርሱን ወደ እጀታው አዙሩት። ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አፉ በቪ ቅርጽ የተቆረጠ ጣውላ በሞርሳ ያዙና እንጨቱን እሱ ላይ አስደግፋችሁ ቁረጡ። ገንዘብ የሌለው ወጣት በዚህ ይጀምር ባይ ነኝ። ማሽኑን በኋላ ሲገዛ ስለ ምላጭ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።

ስለ እንጨቱ ደግሞ እንነጋገር፤ እዚህ ከተማ ዕድለኞች ነን። የቤት ዕቃ የሚሠሩ ቤቶች ደጃፍ ለማገዶ የሚሄድ የዋንዛ ቁራጭ አይጠፋም። ለኛ አንድ ክንድ የማይሞላው ትልቅ ነው። ዋንዛ ለስላሳ፣ ቀለሙ ቡናማ፣ ለምላጭ የሚመች ነው፤ ከጀማሪ ጋር አይጣላም። ነገር ግን ዛፍ አስቆርጣችሁ አትሥሩ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ እንዲያ ያደረሰን አጠቃቀማችን ነው። ቁርጥራጩና የፈረሰ የድሮ ቁም ሣጥን ይበቃናል። ጥድ ስትቆርጡት መዓዛው ቤቱን ያውዳል፤ ሙጫው ግን ጥርስ መሀል እየገባ ስለሚይዝ ምላጩን ቶሎ ቶሎ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ አጽዱት።

ግራቪሊያ የሚናቅ እንጨት ነው፤ የቡና ጥላና የአጥር ዛፍ እየተባለ። ዝርያው ከምሥራቅ አውስትራሊያ የመጣ ነው። ከመሀሉ ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ ሲሰነጠቅ ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ዘይት ሲነካው ደግሞ ያ ነጠብጣብ ይበራል። ቆዳው የሚቆጣበት ሰው ግን አለ፤ ክንዳችሁ ካሳከካችሁ እጅጌያችሁን አውርዱ።

ከሁሉ የምወደው የቡናን እንጨት ነው። በሲዳማ ያረጀ ቡና ሲጎነደል ግንዱ ለምድጃ ይሄዳል። ቀጭን ነው፣ ሰፊ ጣውላ አይወጣውም፤ ግን ነጣ ያለ፣ የተጠቀጠቀ፣ ጠንካራ ነው። ለቁልፍ መያዣ፣ ለአንገት ጌጥ፣ ለትንንሽ መስቀል ተወዳዳሪ የለውም። አጎቶቻችሁ ማሳ ላይ ጉንደላ ሲኖር ሁለት ሦስት ግንድ ለምኑ፤ ማንም አይከለክላችሁም።

ችግሩ እርጥበት ነው። የሚታወቀው ግምት በአየር ብቻ ለማድረቅ ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይፈልጋል የሚል ነው። ሀዋሳ ሐይቅ አጠገብ ናትና ክረምቱን ደግሞ ጨምሩበት። መለኪያ ከሌላችሁ ቁራጩን በኩሽና ሚዛን መዝኑና ክብደቱን ጻፉበት፤ በየሳምንቱ ድገሙት፤ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። እርጥብ እንጨት ሰጋቱራው ከምላጩ ጋር ይጣበቃል፤ ተቆርጦ ካለቀም በኋላ ይጣመማል።

ንድፍ ላይ ልለፍ። የመስቀሎቻችን ጥልፍልፍ ለዚህ ሥራ የተሣለ ይመስላል፤ ግን ሥዕል ላይ የሚያምር ሁሉ ተቆርጦ አይቆምም። ወደ ማሽኑ ከመሄዳችሁ በፊት የሚወጣውን ክፍል በእርሳስ አጥቁሩት። ያልጠቆረው ሁሉ እርስ በርሱ መያያዙን በጣታችሁ ተከትሉ። በጥቁር ተከብቦ ብቻውን የቀረ ነጭ ካለ ተቆርጦ ወለል ላይ ሊወድቅ ነው፤ ድልድይ ሥሩለት። ሌላው የእንጨቱ ጭረት፣ ማለትም ቃጫው የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። እዚህ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የሚቆሙትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን ለመሥራት የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ እግሩ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ጭረቱ አግድም ከሆነ በነካችሁት ቁጥር ቅንጥስ ይላል። ጭረቱን በእግሩ ቁመት ስታደርጉት እግሩ ይተርፍና ወደ ጎን የወጣው ምንቃር አደጋ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ላለው ኮምፔርሳቶ ነው መልሱ፤ ንብርብሩ ጭረቱን አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም ስለሚያደርገው በየትኛውም በኩል ይጠናል።

እንጨቱ ላይ መጀመሪያ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፤ ንድፉን በሱ ላይ አጣብቁ። ሲያልቅ ሁሉም አብሮ ይላጣል። ወረቀቱን በቀጥታ እንጨት ላይ በነጭ ኮላ የለጠፈ ሰው ምሽቱን በጥፍሩ ሲፍቅ ያድራል። ቆረጣው ከመሀል ይጀመራል፤ ደቃቁን የውስጥ ቀዳዳ ሁሉ አስቀድማችሁ፣ የውጩን ዙሪያ መጨረሻ። ዙሪያውን አስቀድሞ ያወጣ ሰው የሚይዝበት ጠርዝ ያጣል።

ሹል ማዕዘን ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነውና ቀረብ ብለን እንየው። ወደ ጫፉ ስትደርሱ መግፋት አቁሙ፤ ምላጩ ባለበት ይመላለስ። እንጨቱን ወደ ራሳችሁ በጣም በትንሹ መልሱት፤ ጥርሱ ከፊቱ ካለው እንጨት ይላቀቅ። አሁን በሚጣለው ክፍል በኩል ምላጩን በጎኑ ዳሰስ እያደረጋችሁ እንጨቱን ባለበት ቦታ ላይ አሽከርክሩት። ጎኑ ጥርስ ስለሌለው አይበላም፤ ቦታ ብቻ ያገኛል። ከዚያ አዲሱን መስመር ይዛችሁ ትቀጥላላችሁ። በዝግታ የሚያሽከረክር ሰው ማዕዘኑን ያከብበዋል፤ ቆረጥ ብሎ ማዞር ነው የሚፈለገው። በ5 ቁጥር ማዕዘኑ አልሾል ካላችሁ ወደ 2 ውረዱ።

ፊኒሺንግ ላይ ሰው ትዕግሥቱ አልቆ ነው የሚደርሰው። ብዙ የተለፋበት ሥራ በአንድ ብሩሽ ቫርኒሽ ሲበላሽ አይቻለሁ። ወንበርና ጠረጴዛ ላይ የለመድነው ቫርኒሽ ጥልፍልፍ ላይ ሲቀባ በየቀዳዳው ጥግ ይጠራቀማል፣ ይንጠባጠባል፣ ደርቆም እንደ ዕንባ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለዚህ ሥራ ዘይት ይሻላል፤ አቀባቡም በብሩሽ ሳይሆን በመንከር ነው።

መጀመሪያ ግን ብርጭቆ ወረቀት። ፊቱን ከመቁረጣችሁ በፊት በ120፣ በ180፣ በ220 ቁጥር አለስልሱት፤ ከተቆረጠ በኋላ ቀጭኑን ክፍል መፈተግ መስበር ነው። ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረው ከበታቹ የወጣው ፀጉር ብቻ ነው፤ እሱን በ220 በቀስታ፣ የቀዳዳውን ውስጥ በቀጭን ሞረድ። ሰጋቱራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ።

ቀለም መሸጫዎች የሚሸጡት ሊንሲድ ኦይል ከተልባ የሚወጣ ነው፤ የሚበዛው ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ጨው ማድረቂያ ተጨምሮበታል። እኔ የምጠቀመው ድብልቅ እኩል እኩል ነው፦ አንድ እጅ ሊንሲድ ኦይል፣ አንድ እጅ የዘይት ቫርኒሽ፣ አንድ እጅ አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛው)። ሰፊ ትሪ ላይ አፍስሳችሁ ሥራውን ንከሩት፤ ገልብጡት፤ በሽቦ አንጠልጥላችሁ ይንጠብ። ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ፤ ጨርቁ የማይደርስበትን በደረቅ ብሩሽ ጥግ ጥጉን ምጠጡት። ያልተጠረገ ዘይት ሙጫ ሆኖ ይቀራል። በማግስቱ ድገሙት። ክረምት ላይ ከአንድ ቀን በላይ ጠብቁት። ማታ ደግሞ መብራት ሥር ትታችሁት አትግቡ፤ ሐይቁ ለኛ ትንኝ አያሳጣንም፣ ጠዋት ተለጥፎ ታገኙታላችሁ።

አሁን የምናገረውን እንዳትረሱት። በዚህ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ሊንሲድ ኦይል የሚደርቀው ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር እየተዋሐደ ነው፤ ሲዋሐድ ይሞቃል። የተጨበጠ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማንም ክብሪት ሳይጭር ጨርቁ በራሱ ይነዳል። ከሰጋቱራ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ቤቱን አስቡት። ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጭ አጥር ላይ አስጡት፤ ደርቆ ካርቶን ሲመስል ይጣላል። አለዚያ ውኃ በሞላበት ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት።

"የወጥ ቤት ዘይት አይሆንም ወይ?" አሉኝ አንዲት እናት። እትዬ፣ የፓልም ዘይት አይደርቅም፤ እንደቀባነው ይቀራል፣ አቧራም ይሰበስባል። ለምግብ የሚሆነው ጥሬ የተልባ ዘይት ይደርቃል፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል እንጂ። ሕፃን አፉ ውስጥ ለሚከተው ፐዝል ማድረቂያ የተጨመረበትን ትቼ እሱን እመርጣለሁ፤ ከላዩ የንብ ሰም እጨምርበታለሁ። ሰሙን አንድ እጅ፣ ዘይቱን አራት እጅ በሚዛን አድርጋችሁ፣ ዕቃውን ውኃ በፈላበት ድስት ውስጥ አስቀምጣችሁ አቅልጡት፤ በቀጥታ እሳት ላይ አይሆንም። ሲበርድ እንደ ቅባት ይረጋል፤ በጨርቅ ይታሻል። የገበያው ሰፈፍ ቆሻሻ ስላለው አስቀድማችሁ አቅልጡና አጥሩት።

ሼላክ የሚባለውን የእንጨት መቀቢያ ሙጫ የሚያገኝ ሰው በአልኮል አሟሙቶ ይቀባው፤ በደቂቃዎች ይደርቃል፣ የጥድንም ሙጫ ያፍናል። ለግድግዳ ጌጥ ግሩም ነው። ለረከቦት ግን አታድርጉት፤ የሞቀ ስኒ ነጭ ክብ ይተውበታል፤ አረቄ የፈሰሰበት ዕለትማ ራሱ አልኮል ስለሚያሟሟው ይለቃል። ረከቦት ላይ ቫርኒሽ ይሻላል፤ ቀጠን አድርጋችሁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ።

ስለ አቧራው አጭር ነገር። ይህ መጋዝ ከኤሌክትሪክ መጋዞች ሁሉ ገራሙ ነው፤ ጣት ብዙ አይበላም። ሳንባ ላይ ግን አይራራም፤ ሰጋቱራው ደቃቅ ነው፣ ፊታችሁም ከምላጩ አንድ ክንድ አይርቅም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ ካስገባው ቆየ። ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከእንጨት ብናኝና ከማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራውን ጣውላ የምትቆርጡ ደግሞ ማጣበቂያውንም ጭምር ነው የምትተነፍሱት። በር ክፈቱ፣ ጭንብል አድርጉ፣ ልጅ ታቅፋችሁ አትቁረጡ።

በቃኝ። ማሽኑ መስኮቱ ሥር ተዘጋጅቷል፤ ጭንብሉ ሣጥኑ ውስጥ ነው። ነጠላ የለበሳችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ረጅም ፀጉር ያላችሁም ሰብስቡት። 5 ቁጥር ምላጭ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ሆን ብዬ አላሰርኩትም። ጋሼ፣ እርስዎ ክራር ይመታሉ ተብያለሁ፤ ይምጡና ውጥረቱን እርስዎ ይጀምሩልን።